የኦሌድ ስክሪን ብርሃን የት ይቀራል?

ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ ጠጋኝ ጋ የተሰነጠቀ ስክሪን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኦሌዱ ይሁን ኤልሲዲው?» የሚል ነው። ኦሌዱ ይወደዳል። ለምን እንደሚወደድ ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። «ወላሂ ኦሪጅናል ነው» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል።

ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ድፍን ጥቁር ፎቶ ክፈቱ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ጨምሩ፣ ክፍሉን አጨልሙ። ስክሪኑ ግራጫ ሆኖ ፈዘዝ ብሎ ከበራ ኤልሲዲ ነው። ስልኩ የጠፋ እስኪመስል ከጠቆረ ኦሌድ ነው። ኤልሲዲ ከጀርባው መብራት አለው። የፊተኛው ክፍል ሥራ ያንን ብርሃን መጋረድ ወይም ማሳለፍ ብቻ ነው፤ ጥቁር ሲያሳይም ከኋላ ያለው መብራት እንደበራ ነው፣ ትንሽም ያፈተልካል። ኦሌድ ላይ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች። ጥቁር ማለት ነጥቧ ጠፍታለች ማለት ነው። አሞሌድ የሚባለውም ይኸው ነው፤ እያንዳንዷን ነጥብ የሚቆጣጠሩ ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ያሉት ኦሌድ ነው።

ከዚህ ተነስተን «ኦሌድ ባትሪ ይቆጥባል» እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር ገጽ ላይ ይቆጥባል። ነጭ ገጽ ላይ ግን ከጥሩ ኤልሲዲ በላይ ሊበላ ይችላል። ነገሩ ከገባው ኤሌክትሪክ ስንቱ ብርሃን ሆኖ ይወጣል የሚለው ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ወሬው ሁሉ ስለ አዳዲስ ሞለኪውሎች ይሆናል። ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ እስክንደርስ ትንሽ ታገሱኝ።

አራቱ ኬላዎች

ኦሌድ ሲሠራ ሁለት ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ገጾች፣ መሃል ካርቦንን መሠረት ያደረጉ፣ ማለትም ኦርጋኒክ የሆኑ፣ ስስ ንብርብሮች ይነጠፋሉ። ንብርብሮቹ ተደራርበው እንኳ ከ100 እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ናቸው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይወፍራል። አንዱ ኤሌክትሮድ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ በተለመደው አሠራር መስታወት ላይ የተቀባ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ነው። ሌላው ብረት ነው።

ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ከብረቱ በኩል ኤሌክትሮኖች ይገባሉ። ከወዲያኛው በኩል ደግሞ ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ቦታዎች፣ ሆል የሚባሉት፣ ይጓዛሉ። መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ኤክሳይቶን የሚባል ለአጭር ጊዜ ኃይል ያዘለ ሁኔታ ይፈጠራል። ያ ኃይል ሲለቀቅ ብርሃን ይሆናል። ወይም ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ወደ ተግባር ያመጡት የኮዳክ ኩባንያ ኬሚስቶች ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1987። ብልሃታቸው አንድ ንብርብር ሳይሆን ሁለት መጠቀም ነበር፤ አንዱ ሆል የሚያመላልስ፣ ሌላው ኤሌክትሮን የሚያመላልስና የሚያበራ። ከ10 ቮልት ባነሰ ኃይል ለዓይን ደማቅ የሆነ አረንጓዴ ብርሃን አወጡ። ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ለ100 ኤሌክትሮን ወደ ውጭ የወጣው የብርሃን ቅንጣት 1 ገደማ ብቻ ነው። 99ኙ የት ሄደ?

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ጭነት የያዘ መኪና አራት ኬላ አለበት እንበል። እያንዳንዱ ኬላ ከቀረው ጭነት ላይ ድርሻውን ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው የአራቱ ማሳለፊያ እርስ በርስ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ሦስቱ ኬላዎች ምንም ሳይነኩ ቢያሳልፉና አንዱ 20 በመቶ ብቻ ቢያሳልፍ፣ የሚደርሰው 20 ነው። ስለዚህ አንዱን ኬላ ብቻ ማሻሻል የሚያዋጣው እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው።

የኦሌድ የመጀመሪያ ኬላ መገናኘት ነው። በብዙ ኦርጋኒክ ቁሶች ውስጥ ሆል ከኤሌክትሮን ይፈጥናል። ጓደኛውን ሳያገኝ ወዲያ ማዶ ይደርስና ይባክናል። መፍትሔው ፈጣኑን የሚያግድ ንብርብር ማስገባትና ቀርፋፋው በቀላሉ እንዲገባ መንገድ መክፈት ነው። ከአሉሚኒየሙ ሥር የተቀባ 1 ናኖሜትር እንኳ የማይሞላ ሊቲየም ፍሎራይድ ለኤሌክትሮን በሩን በደንብ ይከፍታል። የሚያስፈልገው ቮልቴጅም እዚህ ነው የሚወሰነው። አረንጓዴ የብርሃን ቅንጣት 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ኃይል አላት፤ አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በ1 ቮልት የሚያገኘው ኃይል ነው። እሷን ለማግኘት 5 ቮልት ከከፈላችሁ ግማሹ ገና ከመነሻው ሙቀት ሆኗል። ይህ ኬላ በአብዛኛው ተፈትቷል።

ሦስተኛውን አስቀድሜ ላሳልፈው፤ ብዙ የሚያወራ ነገር የለውም። ኤክሳይቶኑ ያረፈበት ሞለኪውል ኃይሉን ወደ ብርሃን የሚቀይር ነው ወይስ የሚያባክን? የዛሬዎቹ ጥሩ ሞለኪውሎች ወደ 100 በመቶ ይጠጋሉ። እርስ በርስ ከተጨናነቁ ግን ይዳከማሉ፤ ስለዚህ በሌላ ቁስ ውስጥ በጥቂቱ ተበትነው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ኬላ፣ ከአራት ሦስቱን የሚያስቀር

ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ባሕርይ አለው፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ኤሌክትሮንና ሆል ሲገናኙ የሁለቱ ስፒን በአራት መንገድ ሊቀናጅ ይችላል። አንዱ መንገድ ሲንግሌት ይባላል፤ ሦስቱ ትሪፕሌት። ቅንጅቱ በዕጣ ስለሆነ 25 በመቶው ሲንግሌት፣ 75 በመቶው ትሪፕሌት ይሆናል።

ችግሩ ተራ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ከሲንግሌት ብቻ የሚያበራ መሆኑ ነው። ትሪፕሌቱ ብርሃን ለመሆን ስፒኑን መገልበጥ አለበት፤ የኳንተም ሕግ ደግሞ ይህን በቀላሉ አይፈቅድም። ተራውን ሲጠብቅ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ሌላው ሁሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ እዚህ ሦስት አራተኛው ይቀራል።

ይህን የሰበሩት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ስቴፈን ፎረስትና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ቶምፕሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998። ሞለኪውሉ መሃል ከባድ ብረት አስገቡ፤ መጀመሪያ ፕላቲነም፣ ቀጥሎ ኢሪዲየም። ከባድ አቶም አጠገብ የኤሌክትሮኑ ዙረትና ስፒኑ ይተሳሰራሉ። ያኔ የስፒን ክልከላው ይላላል፣ ትሪፕሌቱም ማብራት ይችላል። 25 የነበረው ወደ 100 ተጠጋ። በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ ማለት ነው! በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ ዝላይ ብዙ አይገኝም።

ኢሪዲየም ግን በምድር ቅርፊት ውስጥ እጅግ ጥቂት ከሆኑት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓኑ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቺሃያ አዳቺና ቡድኑ ያለ ብረት የሚሠራ መንገድ አሳዩ። የሲንግሌትና የትሪፕሌት ኃይል ልዩነት በጣም ጠባብ የሆነበት ሞለኪውል ሠሩ። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ የክፍል ሙቀት ብቻውን ትሪፕሌቱን ገፍቶ ወደ ሲንግሌት ያወጣዋል። ከዚያ ያበራል። ለ100 ኤሌክትሮን ወደ ውጭ የወጣው ብርሃን 19 ገደማ ደረሰ። እኔ ከሁለቱ ይኼኛውን አደንቃለሁ፤ ሙቀት ብርሃንን ከማባከን ይልቅ ሲያግዝ ማየት ደስ ይላል።

ታዲያ ሁሉም ስልክ በዚህ መንገድ ተሠርቷል? አልተሠራም። ምክንያቱ ሰማያዊ ነው።

አብዛኛው አሞሌድ ስልክ ላይ ቀዩና አረንጓዴው በኢሪዲየም መንገድ ያበራሉ። ሰማያዊው ግን ለረጅም ጊዜ ከሲንግሌት በሚያበራው በአሮጌው መንገድ ሲሠራ ቆይቷል። ሁለት ትሪፕሌቶችን አጋጭቶ አንድ ሲንግሌት በማውጣት ጥቂት ይደጎማል። በንድፈ ሐሳብ ይህ 25ን እስከ 62.5 በመቶ ያደርሳል፤ 100 ግን አይሆንም።

ሰማያዊ ብርሃን ከቀይና ከአረንጓዴ የበለጠ ኃይል ያዘለ ነው፤ 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። ትሪፕሌት ደግሞ ከሲንግሌት በጣም ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል፤ ሲንግሌት በናኖሰከንድ ሲለካ ትሪፕሌት ሺህ እጥፍ በሚረዝመው በማይክሮሰከንድ ነው። ረጅም ጊዜ ሲቆይ ከሌላ ኃይል ካዘለ ሞለኪውል ጋር የመጋጨት ዕድሉ ይጨምራል። ሲጋጩ ኃይላቸው ይደመራል፤ ድምሩ ከ5 ኤሌክትሮን ቮልት ያልፋል። ይህ የካርቦንና የናይትሮጅን ትስስርን ለመበጠስ ከበቂ በላይ ነው። ሞለኪውሉ ይሰበራል። የተሰበረው ቁራጭ ደግሞ የጎረቤቱንም ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ሰማያዊው ኃይል ቆጣቢ ይሁን ከተባለ ዕድሜው ያጥራል፤ ዕድሜው ይርዘም ከተባለ ባትሪ ይበላል። አምራቾች ዕድሜን መረጡ። ትክክል ናቸው፤ በስድስት ወር ቢጫ የሚሆን ስልክ ማን ይገዛል?

ብዙ ያገለገለ አሞሌድ ላይ ነጩ ወደ ቢጫ የሚያደላው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማያዊው ቀድሞ ይደክማል። በብዙ ስልኮች ላይ ስክሪኑን በማጉያ ብታዩት ሰማያዊዋ ነጥብ ከአረንጓዴዋ ትሰፋለች። ሰፋ ስትል በእያንዳንዱ ስፍራ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቀንስላታል፣ ዕድሜዋም ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2025 የደቡብ ኮሪያው ስክሪን አምራች ኤልጂ ዲስፕሌይ ሁለት የሰማያዊ ንብርብር ደርቦ፣ አንዱን በአሮጌው መንገድ ሌላውን ትሪፕሌት በሚያበራው መንገድ አድርጎ፣ የኃይል ፍጆታውን 15 በመቶ ገደማ ቀነስኩ ብሏል። ግማሽ መፍትሔ ነው። ግን የፋብሪካ ደጃፍ የደረሰ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ከቤት መውጣት ያቃተው ብርሃን

አሁን አራተኛው ኬላ። ብርሃኑ ተፈጥሯል፤ ሞለኪውሉ ሥራውን ጨርሷል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ግን ያለ ልዩ ዘዴ የሚወጣው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 80ው እዚያው ውስጥ ይቀራል። የኢሪዲየሙ አብዮት ሁሉ ለዚህ 20 ነው የታገለው።

ንጹሕ ብርጭቆ በውሃ ሙሉና ከዓይናችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ከጎን፣ ከታች ወደ ላይ፣ የውሃውን ገጽ ተመልከቱ። ከላይ ያለው ጣሪያ አይታያችሁም፤ ገጹ መስታወት ሆኖ የታቹን መልሶ ያሳያችኋል። ብርሃን በዝግታ ከሚጓዝበት ነገር ወደ አየር ሲወጣ በጣም ካዘነበለ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይገባል።

ኦሌድ ውስጥም ይኸው ይሆናል፣ ብሶ። ብርሃን በኦርጋኒክ ንብርብሮቹ ውስጥ ከባዶ ቦታ ይልቅ 1.7 እጥፍ ገደማ ይዘገያል፤ በመስታወት ውስጥ 1.5 እጥፍ። ሞለኪውሉ የሚያበራው ወደ አንድ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ብዙ ነው። ቀጥ ካለው አቅጣጫ ከ36 ዲግሪ ገደማ በላይ ያዘነበለው ጨረር አየር ላይ መውጣት አይችልም። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው መስታወቱ ውስጥ ይታሰራል። የተወሰነው ኦርጋኒኩና አሳላፊው ኤሌክትሮድ መሃል ወደ ጎን ይሮጣል። የተወሰነው ደግሞ ብረቱ ኤሌክትሮድ ገጽ ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖች እያወዛወዘ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋው ነው፤ እዚያ የገባ ብርሃን ከሞላ ጎደል አይመለስም።

መስታወት ውስጥ የታሰረውን ማውጣት ቀላል ነው። የውጩን ገጽ ሻካራ ማድረግ ወይም በጥቃቅን ሌንሶች የተሞላ ስስ ፕላስቲክ መለጠፍ ይበቃል። ጨረሩ ሲንጸባረቅ አቅጣጫው ይቀየራል፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ሙከራው ይወጣል። ለመብራት ይህ ጥሩ ነው። የጀርመኗ ድሬስደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ብርሃን ማውጫውን ከሌሎች ዘዴዎች ጋር አጣምረው በአንድ ዋት 90 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚሰጥ ነጭ ኦሌድ ሠርተው ነበር፤ የፍሎረሰንት ቱቦ ያህል ማለት ነው። ለስልክ ግን ይህ ዘዴ አይሆንም። ሻካራ ገጽ የአንዷን ነጥብ ብርሃን ወደ ጎረቤቷ ይበትነዋል፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ለስክሪን ሌንሱ እዚያው ነጥቧ አጠገብ፣ ውስጥ፣ መሠራት አለበት። ኤልጂ ዲስፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የቴሌቪዥን ስክሪን በ77 ኢንች ላይ ከ42 ቢሊዮን በላይ ጥቃቅን ሌንሶች አሉት። ኩባንያው ሌንሶቹን ብርሃን ከሚያስተካክል ሶፍትዌር ጋር አጣምሮ ብርሃኑ እስከ 60 በመቶ ጨመረ ይላል። ቁጥሩ የሻጭ ቁጥር መሆኑን አትርሱ፤ አካሄዱ ግን ትክክለኛው ኬላ ላይ ያነጣጠረ ነው።

ሌላው መንገድ ሞለኪውሎቹን ማስተኛት ነው። ሞለኪውል ብዙ ብርሃን የሚሰጠው በውስጡ ኤሌክትሪኩ ከሚወዛወዝበት መስመር ቀጥ ባለ አቅጣጫ ነው። ያ መስመር ከስክሪኑ ጋር ጠፍጣፋ ከተኛ ብርሃኑ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከቆመ ወደ ጎን ሄዶ ይታሰራል። ቅርጻቸው ረዘም ያለ ወይም ጠፍጣፋ የሆኑ ሞለኪውሎች ሲነጠፉ ራሳቸው ይተኛሉ። በዚህ ብቻ፣ ምንም ሌንስ ሳይጨመር፣ 20 የነበረው 30 በመቶ ገደማ ደርሷል።

ስልኮች ሌላም ብልሃት አላቸው። የንብርብሮቹን ውፍረት በናኖሜትር አስተካክለው ሁለት አንጸባራቂ ገጾች መሃል ብርሃኑ እንዲጠናከርና ወደ ፊት እንዲወጣ ያደርጋሉ። ይሠራል። ዋጋው ደግሞ ይታያችኋል፤ አሞሌድ ስልክ ላይ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስልኩን በጣም ብታዘነብሉት ቀለሙ ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ከኬላዎቹ አልፎ የወጣውን ብርሃን ከግማሽ በላይ የሚበላ ፊልም ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል። ፖላራይዘር ይባላል። ሥራው ፀሐይ ላይ ስትወጡ ከብረቱ ኤሌክትሮድ የሚመለሰውን ነጸብራቅ መያዝ ነው። ያለሱ ጥቁሩ ፊት እንደሚያሳይ መስታወት ያንጸባርቃል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2021 በታጣፊ ስልኩ ላይ ፖላራይዘሩን አውጥቶ ንድፉን ቀየረ፤ የኃይል ፍጆታውም እስከ 25 በመቶ ቀነሰ ብሏል። አንድ ፊልም በማንሳት ብቻ!

ታንደም የሚባለውንም በአጭሩ። ሁለት የሚያበሩ ንብርብሮች ይደረባሉ፤ አንዱ ኤሌክትሪክ በሁለቱም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አይፓድ ፕሮ እንዲህ ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ስለሚሆን ፍጆታው በግማሽ ቀነሰ ማለት አይደለም። ጥቅሙ እያንዳንዱ ንብርብር በግማሽ ጫና መሥራቱ ነው። ኦሌድ ላይ ጫና ሲበዛ ኤክሳይቶኖች እየተጋጩ ይባክናሉ። ስለዚህ ስክሪኑ ሲደምቅ የሚያባክነው ድርሻም ይጨምራል።

ስለ ጅማ ዝናብም አንድ ነገር ልበል። ኦሌድ እርጥበት አይችልም፤ ኤሌክትሮዱ ይበላሻል። ለኦሌድ የሚሠራ መሸፈኛ በቀን በካሬ ሜትር ከ1 ግራም አንድ ሚሊዮንኛ በላይ ውሃ እንዳያስገባ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ክረምት ላይ የተሰነጠቀ አሞሌድ ይዞ መዞር አያዋጣም። ጥግ ላይ የጀመረች ጥቁር ነጠብጣብ እየሰፋች ትሄዳለች፤ ቴፕ ቢለጠፍባትም አትቆምም።

መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ዋናው ጥያቄ ባትሪው ነው። ፐርዱ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ዳርክ ሞድ በኦሌድ ስልኮች ላይ የሚያተርፈውን ለክተዋል። ብርሃኑ 100 በመቶ ሲሆን ከነጭ ወደ ጥቁር ገጽ መቀየር በአማካይ ከ39 እስከ 47 በመቶ ይቆጥባል። ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ግን የሚቆጥበው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ ቤት ውስጥ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ቴሌግራም ለሚያይ ሰው ዳርክ ሞድ ለዓይን ካልሆነ ለባትሪ እምብዛም አይረዳም። ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ከፍቶ ካርታ ለሚያይ ሰው ግን ብዙ ይረዳል። ኤልሲዲ ያስገባችሁ ደግሞ ከዳርክ ሞድ ይህን ያህል ቁጠባ አትጠብቁ፤ እናንተን የሚጠቅማችሁ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ነው።